ለጣና ከደቦ ይልቅ ወንፈል

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለበት። "በነፃ ነው" የተባለ ነገር ሲሰማ "ዋጋው ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይወዳል። የጣና ሐይቅ በጎ ፈቃደኞች ነገር በተነሳ ቁጥር እኔንም ይህ ልማድ አይለቀኝም።

እንደምታስታውሱት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጣናን ከእምቦጭ ለማዳን ብዙ ሕዝብ ወጥቷል። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው ከአዲስ አበባ ሳይቀር በአውቶቡስ ሄዶ ውሃ ውስጥ ገብቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ለአንድ ወር የታቀደ ትልቅ ዘመቻ ተከፍቶ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ገንዘብ አዋጥተው ማሽን እስከ መላክ ደርሰዋል። ይህ ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። የአንድ ሐይቅ ሕመም የአገር ጉዳይ ሆኖ ያየነው ያኔ ነው።

ግን እምቦጩ ዛሬም አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት አረሙን ማወቅ ያስፈልጋል። እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። አገራችን ውስጥ ቆቃና አዋሽ ላይ ከታየ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሙቀትና ምግብ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ዛሬ ያጸዳነው ዳርቻ ላይ ነገ የሚበቅለው ከየትም የመጣ አይደለም፤ እዚያው ተቀብሮ ሲጠብቀን የነበረ ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 1 ሄክታር እምቦጭ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ ቢሆን፣ ከ8 ሳምንት በኋላ 16 ሄክታር ነው። ዛሬ 20 ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ከሁለት ወር በኋላ 320 ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። በእርግጥ ሐይቅ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ንፋስ አለ፣ ቅዝቃዜ አለ፣ የቦታ ጥበት አለ። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው። በጊዜው የወጣ አንድ ሰው ዘግይቶ ከሚወጣ ብዙ ሰው ይበልጣል።

እኛ ደግሞ የምንወጣው መቼ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ አረሙ ተንሰራፍቶ ሐምራዊ አበባው ለካሜራ ከደረሰ በኋላ። ይህ ወቅት ለደንቢያ፣ ለሊቦ ከምከምና ለፎገራ ገበሬ ምን እንደሆነ አስቡት። ጤፉ የሚታጨድበት፣ ሩዙ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። "በነፃ ጉልበቱን ሰጠ" የምንለው ገበሬ ማሳው ላይ እየረገፈ ያለውን እህል ትቶ ነው የወጣው። በትምህርት ቤት ቋንቋ "የታለፈ ዕድል ዋጋ" ይባላል፤ በእሱ ቋንቋ የልጆቹ ቀለብ ነው። በጎ ፈቃድ ደመወዝ የለውም እንጂ ዋጋማ አለው። ችግሩ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ያነሰ ያለው ሰው መሆኑ ነው።

ከጓደኞቼ ጋር አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ሄጄ ነበር። ውሃው ወገብ ይደርሳል፣ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ አልላቀቅ ይላል፣ ማታ ላይ ቆዳ ያሳክካል። ሦስተኛው ቀን ላይ አብረውን ሲነቅሉ የዋሉ አንድ አባት "ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን እናንተ ስትሄዱ እሱ ይመጣል" አሉን። "ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?" አልናቸው። "እኛማ እዚሁ ነን። ተራ የሚያወጣልን ነው የጎደለን" አሉ።

ብዙ ጥናት ከማንበብ ይልቅ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን ገለጠልኝ።

በባህላችን ጉልበት የምናዋጣበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ደቦ አለ፤ ሰው ይጠራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል፣ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል። ቤት ለመሥራት ወይም እህል ለመሰብሰብ ግሩም ነው፤ ቤቱ አንዴ ከተሠራ ተመልሶ አይፈርስም። ወንፈል ግን ሌላ ነው። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ተራ አለው፣ ያልመጣ ሰው ይታወቃል፣ ዕዳው አይረሳም። እኛ ጣናን እስካሁን በደቦ ነው የያዝነው። እምቦጭ ግን በየሁለት ሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ደቦ አይበቃውም። ወንፈል ነው የሚያስፈልገው።

ወንፈል የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። እምቦጭ ተንሳፋፊ ነው፣ ንፋስ ይነዳዋል። አንዱ ቀበሌ ለፍቶ ዳርቻውን ቢያጸዳ የጎረቤቱ ቀበሌ አረም ማግስቱን ሊያርፍበት ይችላል። ስለዚህ ሁሉም "ሌላው ካልነቀለ እኔ ለምን እለፋለሁ?" ቢል አይፈረድበትም። በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ያጠፋችው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ግጦሽን፣ መስኖን፣ ዓሣን የመሰለ የጋራ ሀብት ይዘው ለዘመናት የቆዩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ ያገኘችው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ድንበሩ የታወቀ ነው፣ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው፣ ማን ሠራ ማን አልሠራ የሚል ተቆጣጣሪ አለ፣ ለቀረ ሰው መጀመሪያ ቀላል ቅጣት አለ። የሠፈራችሁን ዕድር አስቡት፤ ያው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የሚታየኝ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ዳርቻው ይከፋፈል። እያንዳንዱ ቁራጭ የታወቀ ቡድን ይኑረው፤ ንፋስ የሚያገናኛቸው ጎረቤት ቀበሌዎች ደግሞ በወንፈል ይተሳሰሩ። ዛሬ በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ሺህ ሰው በአውቶቡስ ማጓጓዝን ከባድ አድርጎታል። ሃያ ጎረቤት ግን እግሩ እስከሚያደርሰው ድረስ መሄድ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ይስተካከል። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ባህር ሸሹ መሬት ላይ የሚበቅለው ቡቃያ ገና ትንሽ ሳለ ይነቀል። አበባ አውጥቶ ዘር ከጣለ በኋላ መንቀል የዚህን ዓመት አረም አንስቶ የመጪዎቹን ዓመታት ትቶ እንደመሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ የተነቀለው የት ይሂድ? ከአረሙ ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ከ100 ኪሎ ውስጥ ከ90 በላይ ውሃ መሸከም ጉልበት ማባከን ነው፤ መጀመሪያ ይድረቅ። ግን ክረምት ላይ ሐይቁ ሞልቶ ከሚደርስበት መስመር ወዲያ ይሁን፤ አለዚያ የሰው ላብ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፣ ከተሜው ድርሻውን ይወቅ። ሦስት ቀን ሄዶ ፎቶ ተነስቶ ከመመለስ በየወሩ ትንሽ ብር ማዋጣት ሊበልጥ ይችላል። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ምሳ፣ መድኃኒት፣ የታንኳ ኪራይ። ለበጎ ፈቃደኛ ምሳ ማቅረብ በጎነቱን አያረክሰውም፤ ነገም እንዲመጣ ያደርገዋል።

አምስተኛ፣ የምንቆጥረው ይቀየር። "ይህን ያህል ሺህ ሰው ወጣ" የሚል ዜና ወጪያችንን እንጂ ውጤታችንን አይነግረንም። "ይህ ቁራጭ ከጸዳ ሦስት ወሩ፣ አረሙ አልተመለሰም" የሚል ዜና ስንሰማ ያኔ እናጨብጭብ።

"ይህ የመንግሥት ሥራ አይደል?" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ትልቁ ክፍል የመንግሥት ነው። ጥልቁ ውሃ ላይ ያለውን ማሽን እንጂ እጅ አይደርስበትም፤ ማሽን ደግሞ ነዳጅ፣ መለዋወጫና ባለሙያ ከሌለው ቆሞ ይዝጋል። ከሁሉ በላይ አረሙን የሚመግበው በግልገል አባይ፣ በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ተጠርጎ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አረሙን የሚበላ ጢንዚዛ ተለቆ ብዙ ለውጥ ታይቶ ነበር። ምግቡ ከየብስ መግባቱን ስላላቆመ ግን አረሙ በኋላ ወደ አንዳንድ ዳርቻዎች ተመልሷል። በጎ ፈቃደኛው ጊዜ ሊገዛልን ይችላል። በተገዛው ጊዜ ተፋሰሱ ላይ እርከንና ዛፍ፣ ከተማው ላይ ማጣሪያ ካልሠራን ወንፈሉም ይደክማል።

ደግሞ የምናድነው ነገር ቀላል አይደለም። ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ አባይ የሚነሳበት ሐይቅ ነው። ሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉበት፤ ገዳማቱና ደሴቶቹ አሉበት፤ ከደንገል ታንኳ የሚሠራ እጅ አለበት። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ስለዚህ ነው። መዝገብ ግን አረም አይነቅልም።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንላለን። እውነት ነው። ሆኖም ሃምሳውም ሰው በአንድ ቀን መጥቶ በአንድ ቀን ከሄደ፣ በማግስቱ ሎሚው ያው የአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ያም ሰው ዳርቻው ላይ ያለው ገበሬ ነው። ጣናን እንወዳለን የምንል ሁሉ በሚቀጥለው ዘመቻ ላይ "መቼ ነው የምንወጣው?" ከማለታችን በፊት "ከእኛ በኋላ ተራው የማን ነው?" ብለን እንጠይቅ። ተረኛው ካልታወቀ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት እሱን እናስጽፍ።