«እንመለስ» የሚል ሰው አይጥፋ

«በዚህ ጊዜ ሳይክል? አገሩ እንዲህ ሆኖ?»

ይህን ጥያቄ ከእናቴ ጀምሮ እስከ ሰፈራችን ጎሚስታ ድረስ ያልጠየቀኝ የለም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ አረፍተ ነገር አላልቅ ስላለኝ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ።

እኛ አምስት ነን። አንድ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት የቢሮ ሠራተኞች፣ እና ጡረታ የወጡ መካኒክ። እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያቆም ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በብስክሌት ለመሄድ እናቅዳለን። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ቀን እናደርገዋለን፤ አዲስ አበባ ሞጆ 70፣ ሞጆ ባቱ 90፣ ከባቱ ሐዋሳ ደግሞ 115 ያህል። (ባቱን ዝዋይ ማለት የሚቀናችሁ ካላችሁ፣ ጋሼም እንደናንተው ናቸው።)

የመጀመሪያው ቀን ያጠረው ስለሰነፍን አይደለም። የአዳማው ፈጣን መንገድ ብስክሌት አያስገባም፤ ስለዚህ በአሮጌው መንገድ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርጎ መውጣት ግድ ነው። እዚያ ላይ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ሁሉ አብሮህ ነው። የአስፋልቱ ዳር ተቆርሶ ያለቀበት ቦታ ስትደርስ ከኋላህ ተሳቢ፣ ከፊትህ ባጃጅ፣ ከጎንህ ቦይ ይሆናል። ሲኖ ትራክን ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም። ሰባውን ኪሎ ሜትር እግር ይችለዋል፤ የሚደክመው ልብ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወጥተን ከምሳ በፊት ሞጆ እንገባና የቀረውን ቀን እናርፋለን።

ሌላው አታላይ ነገር ቁልቁለቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ባቱ 1,640 አካባቢ። ስትወርድ «ለካ ጎበዝ ነኝ» ትላለህ። ጎበዙ ቁልቁለቱ ነው። ከላንጋኖ በኋላ የአርሲ ነገሌ ዳገት ሲጀምር፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የስምጥ ሸለቆ ነፋስም ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ሁሉም ልኩን ያውቃል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ፓምፕ፣ የካቴና መፍቻ፣ በሶ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ውሃ። ብስኩት ይበልጣል በሶ የሚለውን ክርክር ነርሷ «ሁለቱንም ያዙ» ብላ ዘግታዋለች።

ዋናው ነገር ዕቃው አይደለም። ይህን የተማርነው በመጀመሪያው ጉዟችን፣ በሁለተኛው ቀን፣ መቂን አልፈን ነው። ጋሼ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለው ነበር። እኛ ደግሞ ዝምታቸውን ጥንካሬ አድርገን ወሰድነው። መምህሩ ፊት ሆኖ ይመራል፤ ወጣት ነው፤ ይሮጣል። ከቀትር በኋላ ጋሼ ብስክሌታቸውን አንድ ግራር ሥር አስደግፈው ተቀመጡና መነሳት አቃታቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ላባቸው ቆሟል። ነርሷ ባትኖር ምን እንደምናደርግ ዛሬም አላውቅም። አረፍ አድርጋ፣ ልብሳቸውን አርጥባ፣ ጨውና ስኳር የበጠበጠችበትን ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻቸው። ከዚያ አንድ የቲማቲም አይሱዙ ለምነን እሳቸውንም ብስክሌታቸውንም ባቱ አደረስን።

ማታ ቆሮሶ ጥብስ ቀርቦልን ማንም አልበላም። መምህሩ ጠየቃቸው፦ «ጋሼ፣ ለምን አልነገሩንም?»

«ሽማግሌ አስቀረን እንዳትሉኝ ብዬ ነዋ።»

እኚህ ሰው አርባ ዓመት ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። የጋለ ሞተር ምን እንደሚል ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። የራሳቸውን ግን ይሉኝታ አፍኖት ከሞት ጋር ተያዩ። እኛም ብንሆን «ደክሞዎታል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ የምንፈልገው መልስ አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ እቅዳችን ውስጥ አንድ ሕግ ገባ። ማንኛችንም «እንመለስ» ካልን ጉዞው ይቆማል። ድምፅ አይሰጥም፤ ምክንያት አይጠየቅም፤ በኋላም አይቀለድበትም። የመጨረሻውን ማክበር በጣም ከባድ ነው፤ መሐላ አስገብተንበታል።

ሕጉ የተፈተነው በሚቀጥለው ጉዞ ነው። እዚህ ላይ ወደ እናቴ ጥያቄ እመለሳለሁ።

እንደምታውቁት፣ ዛሬ ከከተማ የሚወጣ ሰው ካርታ ከማየቱ በፊት ስልክ ይደውላል። «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። መልሱ ሁልጊዜ «ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ መልስ ሰላምታ እንጂ መረጃ አይደለም። ቀስ በቀስ ጥያቄያችንን ለወጥነው፦ «ትናንት የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ላይ ወጣ? የሌሊት መኪና አለ? ገበያው ሙሉ ነው የዋለው?» ሾፌርና ረዳት ላንተ ብሎ አይዋሽም፤ ሕይወቱ ነው። መኪናው በጊዜ መግባት ከጀመረ እኛም አንወጣም። ከአንድ ሰው ብቻ አንሰማም፤ ቢያንስ ሦስት ሰው እንደውላለን፦ አልጋ የያዝንበት ቤት፣ የምናውቀው ሾፌር፣ እዚያው የሚኖር ዘመድ።

ባቱ አድረን ለሦስተኛው ቀን ስንነሳ ከሦስቱ ሁለቱ «ሰላም ነው» አሉ። ሾፌሩ ግን «ሰሞኑን ከ9 ሰዓት በኋላ ብዙ ሰው አይንቀሳቀስም» አለን። በእኛ ፍጥነት 9 ሰዓት ላይ ገና ዳገቱ መሃል ነን። ሁላችንም ወደ መሬት አየን። «እንመለስ» ያለው ከሁላችን ጠንካራው፣ መምህሩ ነው።

ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭነን ተመለስን። (ዋጋውን ከመጫኑ በፊት ተስማሙ፤ ከተጫነ በኋላ ዋጋ ሁለት እጥፍ ነው።) በዚያ ቀን ከባቱ ወዲያ አንዳችም ነገር አለመፈጠሩን ማታ ሰማን። ከቢሮ ሠራተኞቹ አንዱ መሐላውን ረስቶ «አያችሁ? ምንም አልነበረም እኮ፤ በከንቱ ነው የተመለስነው» አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህች አረፍተ ነገር ጋር ነው። ምንም ስላልሆነ መመለሱ ስህተት ነበር ማለት፣ ቤቱ ስላልተቃጠለ ምድጃውን ማጥፋቴ ከንቱ ነበር እንደማለት ነው። ውሳኔ የሚመዘነው ጠዋት በእጅ በነበረው ወሬ እንጂ ማታ በተሰማው አይደለም። እኛ ግን የተመለሰን ሰው ፈሪ፣ ሄዶ የተረፈን ጀግና ማለት ለምዶብናል። ስንት ሾፌር «ትናንት አልፌ የለ» ብሎ ሌሊት ወጥቷል? ስንት ቤተሰብ «እስካሁን ምን ሆነ» እየተባለ ልጁን ልኳል?

አንድ ቅሬታም አለኝ። መንገድ ክፍት ይሁን ዝግ የምናውቀው ለምን በረዳት ወሬ ይሆናል? የነገ ዝናብ በቴሌቪዥን ይነገረናል። ይህ መንገድ ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት ይኬድበታል የሚለውን ግን የሚነግረን የለም። እኛ አምስት ሳይክለኞች ብንቀር አገር አይጎድልባትም። ሽንኩርት የጫነው፣ ታማሚ የያዘው፣ ለለቅሶ የሚሄደው ግን መቅረት አይችልም፤ እሱም እንደኛው በግምት ነው የሚወጣው።

«ታዲያ ቤት አትቀመጡም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባቱና ሐዋሳ ብትሄዱ ብስክሌት ሽርሽር አይደለም፤ ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ሥራ የሚሄድበት ነው። እነሱ በየቀኑ የሚኖሩበትን መንገድ እኛ በዓመት አንዴ ማየት እብደት ነው ብዬ አላምንም። እብደት የሚሆነው መመለሻ ሳያበጁ መውጣት ነው።

የዘንድሮው እቅድ ተጀምሯል። ጋሼ የራሳቸውን ኮርቻ ቀይረዋል፤ አሁን ፊት የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የሳቸው እግር ነው። የባቱ ሾፌርም ስልኩ አልተቀየረም፤ ትናንት ደውዬ አረጋግጫለሁ። «ዘንድሮስ ትደርሳላችሁ?» አለኝ።

«የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አልኩት።