የሚቆጠረው የተተከለው ነው ወይስ የጸደቀው?

ክረምት በገባ ቁጥር የአቮካዶ ችግኝ የጫኑ መኪናዎች ወደ ቀበሌዎች ይገባሉ፤ የተከላ ሪፖርትም ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ዞን ይላካል። አንድ አርሶ አደር በሦስት ዓመት ውስጥ 30፣ 40 እና 30 ችግኝ ተክሎ የ100 የፍራፍሬ ዛፎች ባለቤት እንዲሆን የተጀመረው ንቅናቄ፣ አቮካዶ ከእንሰትና ከቡና ጎን በብዙ ጓሮዎች እንዲታይ አድርጓል። ጅምሩ በጎ ነው። ይሁን እንጂ ቤተሰብ የሚጠቀመው ሪፖርት ላይ በሰፈረው ቁጥር ሳይሆን በጓሮው በጸደቀው ዛፍ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቦታ ነው። አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ ከአረንጓዴ ቅጠል የማይራቆት፣ ጥላው ሰፊ ዛፍ ነው። በችግኞች መካከል 6 ሜትር ቢተው አንዱ ዛፍ 36 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ መቶው ሁሉ አቮካዶ ቢሆን 3 ሺህ 600 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። በወላይታ፣ በከምባታ ወይም በጌዴኦ ቤቱን፣ እንሰቱንና ቡናውን ጨምሮ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ብቻ ያለው ቤተሰብ ይህን ከየት ያመጣል? ኮታ ለመሙላት አጠጋግቶ መትከል ትርፉ ለብርሃን የሚሻሙ ቀጫጭን ዛፎች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጓሮ በሚገባ የተያዙ አምስት ስድስት ዛፎች ይሻላሉ።

ሁለተኛው የችግኙ ዓይነት ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ የእናቱን ዓይነት ፍሬ ላይሰጥ ይችላል፤ ለፍሬም ስድስት፣ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። እንደ ሃስ ካለ የተመረጠ ዝርያ ቀንበጥ የተዳቀለ ችግኝ ግን በሦስትና በአራት ዓመት ፍሬ ይጀምራል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ችግኝ ሲረከብ ግንዱ ላይ የተዳቀለበትን ጠባሳ አይቶ ይቀበል፤ ሲተክልም መጋጠሚያውን በአፈር አይቅበር። ዝርያውን መጠየቅም መብቱ ነው።

ሦስተኛው ክትትል ነው። ውሃ በሚተኛበት መሬት የአቮካዶ ሥር ይበሰብሳል። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድም የበጋ ድርቅ ቶሎ ይጎዳዋል። በሰኔና በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በታኅሣሥና በጥር ውሃ ካላገኘ፣ ግርጌው በደረቅ ቅጠል ካልተሸፈነና ከከብት ካልታጠረ የክረምቱ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ቁጥር ካልተሰጠ ሥራው አይንቀሳቀስም የሚል ክርክር ይነሳል። እውነትነት አለው፤ ያለ ንቅናቄው ብዙ ጓሮዎች ችግኝ ባላዩ ነበር። መፍትሔው ቁጥርን መተው ሳይሆን የሚቆጠርበትን ጊዜ መለወጥ ነው። የቀበሌ የግብርና ባለሙያው በመጋቢት ወር በየጓሮው ዞሮ በሕይወት ያሉትን ችግኞች ይቁጠር፤ ወረዳውም የሚመዘነው በዚያ ቁጥር ይሁን። ያኔ አመራሩ ስለ ችግኙ ጥራት፣ አርሶ አደሩም ስለ ውሃውና ስለ አጥሩ አስቀድመው ያስባሉ።