ቁም ነገረኞቹ

ሐዋሳ ባህል አዳራሽ ውስጥ ስለ መጻሕፍት ወሬ በተነሳ ቁጥር የማትቀር አንዲት ንግግር አለች። አንዱ ይነሳና ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እኔ ልብ ወለድ አላነብም፤ የማነበው ቁም ነገር ነው» ይላል። ይጨበጨብለታል! አለማንበብም ጀብዱ ሆነ እኮ እናንተዬ። አንዱን ቁም ነገረኛ በቅርቡ ምን እንዳነበበ ጠየቅኩት። እንዴት ሚሊየነር እንደሚኮን የሚያስተምር የትርጉም መጽሐፍ ነው። (እስካሁን በባጃጅ ነው የሚመላለሰው።)

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። «ኦሮማይ» ልብ ወለድ ነው። በ1975 ዓ.ም ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በ1974 ስለተጀመረው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስንት መግለጫ፣ ስንት ዜና ወጥቷል፤ ሁሉም «እውነት» ተብሎ። መንግሥት የፈራው ግን የጋዜጠኛው ፀጋዬንና የፊያሜታን ታሪክ ነው። ውሸት ከሆነ ምን አስፈራው?

በኋላ ደግሞ የደርግ ሰዎች ትዝታቸውን ተራ በተራ አሳተሙልን። የመንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን» በ2004 ወጣ። አንብቡት እላለሁ፤ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን ከእነዚህ ትዝታዎች ብዙዎቹን ስትገልጡ ጥፋቱ ሁሌ የሌላ ሰው ነው። የልብ ወለዱ ፀጋዬ እንኳ ራሱን ይታዘባል።

ታሪክና ጥናት አቃለልክ እንዳትሉኝ። የገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጸሐፊው ካረፈ በኋላ በ1916 የታተመ ነው። ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ግብር ያስረዳል፤ አገር ለምን እንደሚደኸይ የገባኝ ከእሱ ነው። ጫናው ጀርባ ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚከብድ ያየሁት ግን «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ በግብር ላይ ግብር ሲጨምሩ፣ ባላገሩም በቃኝ ሲል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ያሳተሙት በ1958፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ስምንት ዓመት ሲቀረው ነው። ያን ጊዜም «የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ ያለፈው ቁም ነገረኛ አይጠፋም።

እንግዲህ ጭብጨባውን እናቆየው። ወንድሜ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያንብብና አዳራሹ ይምጣ፤ ያኔ እንከራከር። ቡናው በእኔ ነው።