የ54 ሴንቲ ሜትር ትምህርት

ጀርመን ከፍታን የምትለካው ከሰሜን ባሕር፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ ከሜዲትራኒያን ተነሥታ ነው፤ ልዩነቱ 27 ሴንቲ ሜትር ነው። በራይን ላይ የላውፈንቡርግን ድልድይ የሠሩት መሐንዲሶች ይህን ያውቁ ነበር። ሆኖም ማስተካከያው በተቃራኒው ተሰላና እ.ኤ.አ. በ2003 ስሕተቱ 54 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ያወጣው «ኢንስፓየር» የተሰኘ መመሪያ አባል አገራት በ34 ዘርፎች ያላቸውን የመልክዐ ምድርና የአካባቢ መረጃ በተጣጣመ መልክ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አፈጻጸሙ ወጣ ገባ ቢሆንም ማስገደዱ ትክክል ነበር፤ መረጃን የማጣጣም ወጪ በአዘጋጁ መሥሪያ ቤት ላይ ሲወድቅ ጥቅሙ በአመዛኙ ለጎረቤት ስለሚደርስ፣ ለበጎ ፈቃድ የተተወ እንደሆነ ከሚፈለገው በታች ይሠራል።

በጥቅምት 2024 የጸናው የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ግን አገራቱ በእጃቸው ያለውን መረጃ በየጊዜው እንዲለዋወጡ ይደነግጋል። በእጅ ያለ መረጃ ሁሉ አብሮ አይደመርም። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚታጠበው አፈር የሱዳኑን የሮዛይረስ ግድብ በደለል ሲሞላ ኖሯል፤ የመሬቱ ሽፋን ወዲህ በአንድ አከፋፈል፣ ወዲያ በሌላ ከተመዘገበ የትኛው ተዳፋት ቀድሞ እርከን ቢሠራለት እንደሚያዋጣ ማስላት ያዳግታል።

ግብፅና ሱዳን ስምምነቱን አልፈረሙም። ይህ ግን ያጸደቁትን ስድስት አገራት የሚያግድ ሰበብ አይደለም። በጋራ የከፍታ መነሻና በጋራ የመሬት ሽፋን አከፋፈል ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ወጪውም ከየመሥሪያ ቤቱ በጀት ሳይሆን ከጋራ ቋት ይሸፈን።