ዓሣውን አታድርቁብን

ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትመጡ ካፋ የምትገቡት ጎጀብን ተሻግራችሁ ነው። ከዚያ ወንዝ ዓሣ ይወጣል፤ እኛ ሳህን ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ እንጨት እስኪመስል ተጠብሶ፣ በሚጥሚጣ ተቀብሮ ነው። ይህ ያናድደኛል።

ባሕር ያላቸው ሰዎች ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ በሕይወቱ ይገዛሉ። ግማሽ ኪሎ የሚሆነውን ጨው ባለው የፈላ ውሃ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቀቅለው፣ በቀለጠ ቅቤ ያቀርቡታል፤ ሰዓቱ ካለፈ ሥጋው እንደ ላስቲክ ይጠነክራል። ሎብስተር አልተመኘሁም፤ የሰዓት አያያዛቸውን ግን ወድጄዋለሁ።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚነሣ ዓሣ። ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ወዲያው የተወቀጠ ኮረሪማ ማሸት። ኮረሪማው እዚሁ ጫካችን ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ የተፈጨና የከረመ ከሱቅ መግዛት ለካፋ ሰው ነውር ይመስለኛል። ጥምዝ የሚባለው ቅመም ያለው ቆንጠር ያድርግበት። ከዚያ በኮባ ጠቅልሎ ፍም ላይ ማስቀመጥ፤ ሥጋው ከአጥንቱ መልቀቅ ሲጀምር ማንሣት። ከትኩስ ቆጮ ጋር ይቅረብ፤ ሚጥሚጣው ለብቻው፣ ለፈለገ።

ምግብ ቤቶቻችን ጥብሱን ለወዳጆቹ ይተዉላቸው። ግን ከምግብ ዝርዝሩ ላይ «ዓሣ በኮባ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ዋጋውን ከፍ ቢያደርጉትም እከፍላለሁ።