ዘግይቶ ለሚደርስ ሕመምተኛ የሲቲ ምስል ብቻውን አይበቃም

በአንጎል ዙሪያ ደም ሲፈስ ዋናው ምልክት እንደ መብረቅ በድንገት የሚመታ ብርቱ ራስ ምታት ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ያበጠ የደም ቧንቧ መፈንዳቱ ነው። ያልታወቀና ያልታከመ ሰው ዳግም ሊደማ ይችላል፤ ስጋቱ የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲሆን፣ ሁለተኛው መድማት ብዙዎችን ይገድላል።

በበለጸጉ አገሮች «ሲቲ ስካን ካለ ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድ አያስፈልግም» የሚል ክርክር በርትቷል። መሠረቱ የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ነው። ይሁን እንጂ ጥናቱ ምስሉን ያመነው ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ በዘመናዊ መሣሪያ ተነሥቶ በሠለጠነ ባለሙያ ሲነበብ ነው። ክርክሩን ተቀብሎ ቅድመ ሁኔታውን መጣል ሕይወት ያስከፍላል።

የገጠሩ ሕመምተኛ በ6 ሰዓት ውስጥ ይደርሳልን? ሕመሙ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ ሲቲ ወዳለበት ከተማ ሪፈር ይጻፍለታል። ቀናት ባለፉ ቁጥር ደሙ እየቀጠነ ከምስሉ ይጠፋል፤ ሳምንት ሲሞላ ምስሉ ከደሙት ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሊስት ይችላል።

የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚመሰክረው ግን በዚሁ ጊዜ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚፈጠረው ቢሊሩቢን ፈሳሹን ቢጫ ያደርገዋል። ይህ እስኪሆን 12 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ምልክቱም ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። የብሪታንያ ብሔራዊ መመሪያም (እ.ኤ.አ. 2022) ከ6 ሰዓት በኋላ የተነሣው ሲቲ ደም ካላሳየ፣ ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 12 ሰዓት ሲሞላው ይህ ምርመራ እንዲታሰብ ይመክራል።

ምርመራው ለሐኪሞቻችን እንግዳ አይደለም፤ ማጅራት ገትርን የሚለዩት በዚሁ ነው። «ሽባ ያደርጋል» የሚለው የሕዝብ ፍርሃትም መልስ አለው፦ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ነው።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴር በድንገተኛ ሕክምና መመሪያው የሚከተሉትን በግልጽ እንዲደነግግ እንጠይቃለን፦

1. በድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ዘግይቶ የመጣ ሰው፣ ሲቲው ደም ስላላሳየ ብቻ የፈሳሽ ምርመራ ሳይታሰብለት ወደ ቤቱ አይሰናበት።
2. ንቃቱ የቀነሰ ወይም አካሉ የደከመ ሕመምተኛ ግን አስቀድሞ ሲቲ ይነሣ፤ ያለዚያ መርፌው አደገኛ ሊሆን ይችላል።
3. ናሙናው ከብርሃን ተጠብቆ ሳይዘገይ በማሽን ይዘቀዘቅ፤ ሕመሙ የጀመረበትና ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት ይመዝገብ።
4. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲቲውን፣ የፈሳሽ ምርመራውንና የሪፈር መጓጓዣውን እንደ አንድ አገልግሎት ይሸፍን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(4) መንግሥት ለጤና አገልግሎት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና ጉዳዮችን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴም በጀት ሲመረምር «ስንት ሲቲ ተገዛ?» ብሎ አያብቃ። «ሲቲው ምንም ላላሳየው፣ በሦስተኛው ቀን ለደረሰው ሰው ምን ተደረገለት?» ብሎም ይጠይቅ።