ከሶፍትዌሩ በፊት ክፍሉ

ወደ ድምፅ ሙያ የሚገባ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «በምን ልቅዳ?» ብሎ ነው። መልሱ አይዘገይም፦ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚሠሩበትን ፕሮ ቱልስ፣ ኩቤዝ ወይም አዶቤ ኦዲሽን ጫን፤ ገንዘብ ከሌለህ ክራክ የተደረገውን ከጓደኛህ በፍላሽ ገልብጥ። ምክሩ ከመለመዱ የተነሳ የሚጠይቀው እንኳ የለም። እኔ ግን ጀማሪን የሚያሳስት ምክር ነው እላለሁ።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ መሥራት ለብዙ ወጣቶች የእንጀራ መንገድ ሆኗል። የሬዲዮ ማስታወቂያው፣ የመጽሐፍ ትረካው፣ የዩቲዩብ ዘጋቢ ፊልሙም አለ። ከዚህ ሥራ ብዙው እቤት ተቀድቶ በቴሌግራም የሚላክ ነው። ስለዚህ ምክራችን የሰው ኑሮ ይነካል።

ፕሮ ቱልስና ኩቤዝ ድንቅ መሣሪያዎች ናቸው፤ ግን አቅማቸው የሚታየው በርካታ ትራኮችን በሚያዋህድ የሙዚቃና የፊልም ድምፅ ቅንብር ላይ ነው። ተራኪው ያለው አንድ ማይክሮፎንና አንድ ትራክ ነው። የሚያስፈልገው በንጽሕና መቅዳት፣ ስህተትን ቶሎ ማረምና ደንበኛው በጠየቀው ዓይነት ፋይል ማውጣት ነው። ይህን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚታደለው ኦዳሲቲ ይሠራዋል። ሪፐርም ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ የግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው።

ረጅም ትረካ የሚያነብ ሰው የሚድነው በአንድ ብልሃት ነው። ሲሳሳት ጠቋሚውን ከስህተቱ በፊት ያኖራል፤ ፕሮግራሙ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ተመልሶ የራሱን ንባብ ያሰማዋል፤ እሱም በዚያው ፍጥነትና ስሜት ገብቶ ይቀጥላል። ንባቡ ሲያልቅ እርማቱም አብሮ ያልቃል። ኦዳሲቲ ይህን ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ክራክ የጫነው ወጣት ግን ይህን ሳያውቅ ሌሊቱን ሲቆራርጥና ሲቀጥል ያድራል።

ክራኩ ራሱም መዘዝ አለው። ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ማሻሻያ ስለማያገኝ ሥራ በሚጣደፍበት ቀን ይከዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። የተረክነው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን «ድካማችን ተዘረፈ» እያልን እንጮኻለን፤ እውነታችንን ነው። ታዲያ የሌላውን ድካም ዘርፈን የራሳችን ይከበርልን ማለት እንዴት ይሆንልናል? በዶላር መክፈል ከአገር ቤት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነፃው ፕሮግራም እያለ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

ትልቁ ጥፋት ደግሞ «ሶፍትዌሩ ያጠራዋል» የሚለው እምነት ነው። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ባለው ሳሎን የተቀዳ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የተነገረ ይመስላል፤ ያንን የክፍል ማስተጋባት ድምፁን ሳይጎዱ መንቀል እጅግ ከባድ ነው። ከዚያ ኖይዝ ጌት ይጠራል፤ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነውን ድምፅ ሁሉ የሚዘጋው ማጣሪያ ማለት ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ፣ የተራኪው ትንፋሽ ሲያልቅና ድምፁ ሲወርድ ነው። ጌቱ ከጠበቀ የመጀመሪያው ተጎጂ ያ ግስ ይሆናል። አድማጩ ስለ ማን እንደተወራ ሰምቶ ሰውዬው ምን እንዳደረገ ሳይሰማ ይቀራል።

መድኃኒቱ እቤት አለ። በግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ መስቀል፣ ከጀርባ ፍራሽ ማቆም፣ ልብስ በሞላ ቁም ሳጥን ፊት መቀመጥ፣ በክረምት የቆርቆሮው ዝናብ እስኪያባራ መታገሥ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው በቴፕ ዘመን ነው፤ ዛሬም የሚደመጠው በንባቡ ነው።

«ደንበኛ ሶፍትዌራችንን አይቶ ያምነናል» የሚሉ አሉ። የኦዲብል የትረካ መድረክ የሆነው ኤሲኤክስ የሚመዝነው ፋይሉን ነው፦ አማካይ ድምፅ ከ-23 እስከ -18 ዴሲቤል፣ ከፍተኛው ከ-3 ያልበለጠ፣ የክፍሉ ሹክሹክታ ከ-60 ያልዘለለ። በምን ተቀዳ ብሎ አይጠይቅም።

ስቱዲዮ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የቤቱን ፕሮግራም ይማር፤ ግዴታው ነው። ከምስል ጋር አፍ እያገጣጠመ የሚሠራም ቪዲዮ የማያጫውተውን ኦዳሲቲ ትቶ እንደ ሪፐር ያለውን ይያዝ። ሥራው ሲጠይቅ መሣሪያ መለወጥ ተገቢ ነው። ሥራ ሳይኖር ለስሙ መሰብሰብ ግን ጀማሪውን ከልምምድ ያርቀዋል።

በሙያው የቆየን ሰዎች ምክራችንን እናስተካክል። ጀማሪ ሲመጣ ስለጫነው ፕሮግራም ከመጠየቃችን በፊት «የቀዳኸውን አሰማኝ» እንበለው፤ ከዚያ ስለ ክፍሉና ስለ ንባቡ እንነጋገር። የሶፍትዌሩ ወሬ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።